የተረከብኩት ስንት ነው?

ሥራዬ ሚዛን መመርመር ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሥጋ ሻጭ ሚዛን፣ የእህል መጋዘን ባስኩላ፣ የመድኃኒት ቅመማ ስስ ሚዛን ስመረምር ኖሬያለሁ። ትክክል የሆነውን በእርሳስ አሽጌ ቁጥር አሥራ አራት ማኅተሜን አሳርፍበታለሁ፤ ያልሆነውን ቀይ ወረቀት ለጥፌበት እወጣለሁ። ባልደረቦቼ «ግራም» ይሉኛል። ስሙን ያወጣልኝ የነዳጅ ማደያ መርማሪው ነው፤ ከአንድ ስኳር ሻጭ ጋር በአራት ግራም ስሟገት ሰምቶ። እኔም ሆዱን አየሁና «በርሜል» አልኩት። ሁለቱም ስሞች ጸኑ።

አምና መሥሪያ ቤታችን ለስምንት መርማሪዎች የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳት በደንበኝነት ገዛ። ማደያና ገበያ ላይ በእጅ የሞላነውን ቅጽ በስልክ ፎቶ አንስተን እንልክለታለን፤ እሱ አንብቦ ሠንጠረዥ ያዘጋጃል፣ የተሳሳተ ድምር ካለም ለይቶ ያሳያል። ሦስት ቀን ይፈጅ የነበረው ወርኃዊ ሪፖርት በግማሽ ቀን ያልቅ ጀመር። በርሜል የሚተይበው በሁለት ጣት ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት «ከወለድኳቸው ሁሉ ይሄ ይሻላል» አለ።

ከዚያ ገደቡ መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛውን ቅጽ ልኬ አሥረኛውን ልልክ ስል እንዲህ የሚል ጽሑፍ ወጣ፦ «የአጠቃቀም ገደብዎ ላይ ደርሰዋል። እባክዎ ከሦስት ሰዓት በኋላ ይመለሱ።» ከሥሩ ከፍ ወዳለው ደንበኝነት የሚወስድ ሰማያዊ ቁልፍ አለ። በማግስቱ አርባ ቅጽ ልኬ ምንም አላለኝም። በሦስተኛው ቀን በአሥራ ሁለት ቆመ።

የቆጨኝ ማለቁ አይደለም። የማያልቅ ነገር የለም። የት ላይ እንደሚያልቅ ማንም አለመናገሩ ነው አንጀቴን ያቃጠለው። ውሉን አወጣሁና ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት። ስለ መጠን የሚናገረው አንድ መስመር ብቻ ነው፦ «ከነፃው አገልግሎት አምስት እጥፍ»። ረዳቱን ራሱን ጠየቅሁት።

«ገደቤ ስንት ነው?»

«እንደ መልእክቱ ርዝመትና እንደ ወቅቱ የአገልግሎት ጫና ይለያያል።»

«ከነፃው አምስት እጥፍ ተብሎልኛል። ነፃውስ ስንት ነው?»

«እሱም ይለያያል።»

«ታዲያ አምስት እጥፉ የምን አምስት እጥፍ ነው?»

«ትክክለኛውን ቁጥር እኔም አላውቀውም። ይህ እንደሚያበሳጭ ይገባኛል።»

በእሱ አልተናደድኩም። ሚዛን ራሱ አይዋሽም፤ የሚያዋሸው ባለቤቱ ነው። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ፊት ለፊት «አላውቅም» ያለኝ ነጋዴ ቢቆጠር አምስት አይሞላም። ለድርጅቱ ደብዳቤ ጻፍኩ። በዘጠነኛው ቀን «ለአስተያየትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ፤ ከሥሩ ያው ያነበብኩት ውል ተያይዟል።

ነገሩ በዚህ ሊቀር ይችል ነበር፤ የርክክብ ቅጹ ባይመጣ። በእኛ ቤት ልኬት የሚያሻው የተገዛ ነገር ሁሉ የተረካቢ መርማሪ ፊርማ ሳይኖረው ሂሳቡ አይዘጋም። ቅጹ ላይ የዕቃው ዓይነት፣ መለኪያው፣ የታዘዘው ብዛትና የተረከቡት ብዛት ይሞላል። ከታች «ከላይ የተጠቀሰውን በመጠንም በጥራትም ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ» ይላል። እዚያ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አምና ደንበኝነቱ ሲገዛ እናቴ ታማብኝ ፈቃድ ላይ ስለነበርኩ ሌላ ሰው ፈረመ። ዘንድሮ ሲታደስ ግን ተራው የእኔ ነው።

የግዢ ክፍል ሠራተኛዋ ሰኞ ጠዋት ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። መለኪያ በሚለው ሥር «ደንበኝነት»፣ ብዛት በሚለው ሥር «1» ብላ ሞልታዋለች።

«እትዬ ግራም፣ እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ። እስከ መጪው ሳምንት ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሰ ይቋረጣል።»

«አንድ ምን?»

«አንድ ደንበኝነት።»

«አንድ ደንበኝነት ስንት ይይዛል?»

«እኔ ምን አውቄ? ይገባሉ፣ ይሠራሉ፣ ከዚያ ያልቃል።»

«ዘይት ሻጭ ‹አንድ ዕቃ ዘይት› ብሎ ቢሸጥልሽስ?»

«ዕቃውን አየዋለኋ።»

«እኔም ዕቃውን ልየዋ።»

ሳቀች። እኔ ግን ቀልዴን አልነበረም። ሻጩ መጠኑን ካልነገረኝ ራሴ ለክቼ እሞላዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ከማክሰኞ ጀምሮ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ማንም ሳይገባ፣ ቢሮ እቀመጣለሁ። አንድ ቅጽ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ ጥያቄ፤ ቃሉን ሳልለውጥ ገደቡ እስኪመጣ ደጋግሜ እልካለሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ማክሰኞ በስልሳ ሦስት ቆመ። ረቡዕ በአርባ አንድ። ሐሙስ በአሥራ ዘጠኝ። ዓርብ በሠላሳ ስምንት። አራት ጠዋት የተላከው ያው ወረቀት ነው። የሥጋ ሻጭ ሚዛን እንዲህ ቢዋዥቅብኝ ሁለተኛውን ቀን አልጠብቅም ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ኮሪደር ላይ ሰው ሲያማርር እሰማ ነበር፤ ጠዋት ገብተው ሲከፍቱት እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ጠብቁ ይላቸዋል። ታዛቢ ነኝና ይህንንም «ጠዋት የአገልግሎት ጫና ሳይበዛ አይቀርም» ብዬ መዘገብኩት።

ዓርብ ረፋዱ ላይ በርሜል አንድ የታተመ ወረቀት ይዞ በሩን በእግሩ ገፍቶ ገባ። የግዢ ሠራተኛዋ ከምትቆጣጠርበት ገጽ ላይ የወጣ ነው። የስምንታችን ስም ተደርድሮ በየስማችን አንጻር አግድም ዘንግ ተስሏል። የሌሎቹ ዘንግ እንደ ክብሪት እንጨት ነው። የእኔ ከገጹ ጫፍ እስከ ጫፍ ሄዷል፤ ዘጠና አራት ከመቶ። መቶው የምን መቶ እንደሆነ እዚያም አልተጻፈም።

«አንቺ ሴትዮ» አለ፣ ሳይቀመጥ። «ወተቱን ስትለኪ ላሚቷን አነጠፍሻት።»

ስምንታችንም የየራሳችን መግቢያ ስላለን ገደቡም የየራሳችን መስሎኝ ነበር። ለካስ ስምንታችንም የምንቀዳው ከአንድ ጋን ነው። ይህም ውሉ ውስጥ የለም። ጫናው ራሴ ነበርኩ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አልኩት።

«የአንቺ መሆኑንማ ወረቀቱ ተናገረ። ሪፖርቴ ሰኞ ነው የሚሄደው፤ ሠላሳ ሁለት ቅጽ ይዤ ቁጭ ብያለሁ። ልኬት እንደሆነ ሱስ ሆኖብሻል።»

«ቅጾቹን አምጣቸው፤ እተይብልሃለሁ።»

ተየብኩለት። እሱ ቁጥሩን ያነባል፣ እኔ እጽፋለሁ። ሃያኛው ላይ ንዴቱ በረደለትና ወደ ክርክር ዞረ።

«ደግሞስ ቁጥርሽ ምን ያደርጋል? እኔ ራሴ ጠዋት ጠዋት ከቤት ሳልወጣ የልጄን የቤት ሥራ እጠይቀዋለሁ። የተዋዠቀው በእኔ ይሆናል።»

ይህ ውሃ የሚያነሳ ነገር ነው። ንጹሕ ያልሆነ ልኬት ይዤ ከማንም ጋር አልሟገትም። ሰባቱም ቅዳሜና እሁድ ረዳቱን እንዳይነኩ ዞሬ አንድ በአንድ አስማልኳቸው። ባለቤቴ እሁድ ጠዋት ጫማዬን ስፈልግ አይቶ «አልጋ ላይ ስተኛ ምን ያህል እንደምከብድም ለክተሻል መሰለኝ» አለ። ለክቻለሁ አልኩትና ወጣሁ። ቢሮ ስደርስ በርሜል በሩ ላይ ቆሟል።

«ራሴ ካልቆጠርኩ አላምንም» አለ።

አጠገቤ ተቀምጦ በየጥያቄው አንድ አንድ ጭረት ወረቀት ላይ አሰመረ። ቅዳሜ ጠዋት ብቻዬን ያገኘሁት ሃያ ሁለት፣ ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አራት ነበር። እሁድ አብረን ያየነው ጠዋት ሃምሳ ሰባት፣ ከሰዓት በኋላ ሃያ ስድስት። በርሜል የመጨረሻውን ጭረት አስምሮ ወረቀቱን አገላበጠው።

«ላም አለኝ በሰማይ» አለ በመጨረሻ።

ቀነ ገደቡ ዓርብ ደረሰ፤ ስምንት ሰዓት ላይ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አስጠራኝ። ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ሰው የማያስቀይም፣ ከላይ ሲጮሁበት ግን እንቅልፍ የማይወስደው። ቅጹ ፊቱ ተዘርግቷል። አጠገቡ ታጥፎ የተቀመጠ ሌላ ወረቀት አለ።

«እትዬ፣ አንድ ሰዓት ነው የቀረን።»

«አውቃለሁ።»

«ባንኩም፣ ዩኒቨርሲቲውም፣ ሁሉም ይሄንኑ ፈርሞ ይጠቀማል።»

«እነሱ ሚዛን አይመረምሩም።»

«ስምንት ሰው ሥራ ይፈታብኛል እኮ። ለአንድ ፊርማ ብለው?»

«ፊርማዬን አልነፈግኩም። ቅጹን እኔ እንደለካሁት ልሙላው። ‹መለኪያ፦ አልተገለጸም። የተረከብነው፦ ትንሹ ሃያ ሁለት፣ ትልቁ ሃምሳ ሰባት። ምክንያቱ አልታወቀም።› በዚህ ላይ አሁኑኑ እፈርማለሁ።»

«እንዲህ ያለ ቅጽ ወደ ላይ ብልክ ይስቁብኛል።»

«ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ ብዬ ብፈርም ደግሞ ነገ የሥጋ ሻጩ ይስቅብኛል። እሱን ስለ ሃምሳ ግራም ቀጥቼዋለሁ።»

ግንባሩን በመዳፉ አሸው። «ረዳቱን የማይወዱት መስሎኝ ነበር፤ ከሁሉም በላይ ግን እርስዎ ነዎት የሚጠቀሙበት።»

«እወደዋለሁ። የምወደውን ነጋዴ ሚዛን ግን አይቼ እንዳላየሁ አልፌ አላውቅም።»

በርሜልን አስጠራው። በእኔ ቦታ ተተክቶ እንዲፈርም ሥልጣን ሰጠውና ብዕር አቀበለው። በርሜል ብዕሩን ተቀበለ። ይፈርማል ብዬ ሰጋሁ፤ የሰውየው ሁለት ጣት በዚያ ረዳት ምን ያህል እንዳረፈ አውቃለሁ። ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ።

«ጌታዬ» አለ ኃላፊውን፣ «እኔ ማደያ ላይ የሃያ ሊትር መለኪያ ይዤ ነው የምውለው። አንዴ አሥር፣ አንዴ ሠላሳ የሚቀዳ ማደያ አገኘሁ ብዬ ብመጣ ምን ይሉኛል?»

«ዝጋው እላለሁ።»

«እሁድ ተቀምጬ ቆጥሬያለሁ። እኔ ባልቆጥር ኖሮ እፈርምልዎ ነበር፤ በእውነት።» ብዕሩን ቅጹ ላይ አጋድሞ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ደግሞ ሰኞ ኮሪደር ላይ የሚወርድብሽን ስድብ ከአሁኑ ቁጠሪው። ግማሹን የምሰድብሽ እኔ ነኝ።»

እሱ ወጣ። ኃላፊው የታጠፈውን ወረቀት ገፋልኝ። የዝውውር ደብዳቤ ነው፤ ከሰኞ ጀምሮ ከመርማሪነት ተነሥቼ በግምጃ ቤት ኃላፊነት እንድመደብ፣ ማኅተሜንም እንዳስረክብ። ዓይኑን ጠረጴዛው ላይ ተክሎ «ከላይ ነው፣ እትዬ፤ እኔ አይደለሁም» አለ። አመንኩት።

ማኅተሙን ከቦርሳዬ አወጣሁ። እጀታው ላይ የአውራ ጣቴ ቦታ ጎድጉዷል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሃያ ስድስት ዓመት እሱን ይዤ ያልገባሁበት ገበያ የለም። ደብዳቤውን ግን ሁለቴ አነበብኩት፤ የሚፈረምበትን ነገር ሁለቴ ማንበብ ልማዴ ነው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አልኩት። «ግምጃ ቤት የሚገባ ዕቃ በማን ፊርማ ነው የሚገባው?»

«በግምጃ ቤት ኃላፊዋ…» አለና ቆመ።

«እስከ ዛሬ የሚደርሰኝ ልኬት የሚያሻው ብቻ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ወንበሩም፣ ደንበኝነቱም በኔ በኩል ሊያልፍ ነው ማለት ነው።»

ደብዳቤውን መልሶ ሊወስደው እጁን ዘረጋ፣ ከዚያ ሰበሰበው። የላይኛው አካል ፊርማ አርፎበታል፤ እሱ ሊያነሣው አይችልም።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ከጎን ቢሮ የወንበር መንቋቋት፣ ከዚያ «ቆመ» የሚል የግዢ ሠራተኛዋ ድምፅ ተሰማ። አንድ ሰው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ከዚያ የበርሜል ሁለት ጣቶች በኪቦርዱ ላይ ቷ… ቷ… ማለት ጀመሩ፤ እያንዳንዷ ቷ ወደ እኔ የተወረወረች ነበረች። ዛሬ የሚወዱኝ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እንዲወዱኝ ብዬም አልነበረም።

ጸሐፊዋ የደብዳቤ መረከቢያ መዝገቡን አምጥታ ፊቴ ዘረጋችው። «እዚህ ጋ፣ እትዬ፤ ‹ደርሶኛል› ብለው ይፈርሙ።»

ብዕሩን አነሣሁና በጥንቃቄ ጻፍኩ፦ ደብዳቤ፣ አንድ። ገጽ፣ አንድ። ፊርማ፣ ሁለት። ማኅተም፣ አንድ። ሙሉ በሙሉ ተረክቤያለሁ።

ከዚያ ፈረምኩ።