የምድር ቤቱ ምሰሶ

በሙያ ኮሌጅ ግንባታ የምታስተምረውን ሴት ተማሪዎቿ «መዶሻ» ይሏታል፤ መዶሻ ከቦርሳዋ ስለማይለይ። አንድ ቀን ከክፍል ስትወጣ አክስቷ ደወለችላት።

«የመኝታ ቤቴ በር አልዘጋ አለ። ትናንት አናጢው ላግ ላግ አድርጎልኝ ነበር፤ ዛሬ ጭራሽ ብሶበታል።»

ነገሩ አላማራትም፤ በር በአንድ ሌሊት እንዲህ የሚጠብበው ሕንፃው ሲሰምጥ ነው። አክስቷ ወደምትኖርበት ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ከንፋ ሄደች፤ በቀጥታም ምድር ቤት ወረደች። መሐል ላይ የቆመውን ምሰሶ በመዶሻዋ መታ መታ ስታደርገው እንደ ባዶ በርሜል ጮኸ።

አንደኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ ነዋሪዎች ተሰብስበዋል። ከዩኒቨርሲቲ የመጡት ፕሮፌሰር፣ የእሷም የድሮ መምህር፣ ስለ ሕንፃው ያጠኑትን ያነባሉ። «ሕንፃው ለሠላሳ ዓመት አያሰጋም» ሲሉ ሰዉ አጨበጨበ። መዶሻ እያለከለከች ገባች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ምድር ቤት ወርደዋል?»

«ስሌቱን የሠራነው ከፕላኑ ተነስተን ነው።»

«ፕላኑ ላይ ያለው ምሰሶ ጤነኛ ነው። ታች ያለው ግን ታሟል። ሰው አሁኑኑ ይውጣ!»

አዳራሹ ተተራመሰ። ሰብሳቢው ጠረጴዛውን ደበደቡ። «ዩኒቨርሲቲ ተናግሮ ሲያበቃ ኮሌጅ ምን ቤት ነው?» አክስቷ እንኳ እጅጌዋን ጎትታ «ተይ የኔ ልጅ፣ ሰው ፊት አታዋርጂኝ» አለቻት።

መዶሻ ተሳስታ ከሆነ ከእንግዲህ ማን ያምናታል? ዝም ብትል ደግሞ፣ አክስቷ ማታ እዚያው ልትተኛ ነው።

«አምስት ደቂቃ ብቻ፣ መምህር። በጆሮዎ ይስሙት።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ «እንውረድ» አሉ።

ታች ሲደርሱ መዶሻውን ከእጇ ተቀበሉ። አንዴ መቱ፤ ጆሯቸውን አስጠጉ። ሁለተኛ ሲመቱ የትሪ ያህል ልስን ተገንጥሎ እግራቸው ሥር ዱብ አለ። ውስጥ ያለው የፌሮ ብረት ዝጎ ክር አክሏል። ከላይ የሆነ ነገር ሲጥ አለ።

ፕሮፌሰሩ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ወጥተው «ውጡ! ዕቃ አታንሱ! ተሳስቻለሁ!» እያሉ ጮኹ።

ሕፃን የታቀፈው፣ ሽማግሌ የደገፈው በደረጃው ጎረፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሕንፃው ባዶ ሆነ። መዶሻና ፕሮፌሰሩ ሁለት ግንበኞች ይዘው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ የብረት ድጋፍ ከምሰሶው ጎን አቆሙ።

ሕንፃው አልወደቀም። ስላልወደቀም «በከንቱ አንከራተተችን» ብለው ያኮረፏት ነበሩ፤ ጥገናው አራት ወር ይፈጃል ተብሏልና። የኮሌጁ ዲንም «ማን ላከሽ? ደብዳቤሽ የታለ?» ብለው አፋጠጧት።

በሳምንቱ ፕሮፌሰሩ የታረመውን ጥናት ይዘው ኮሌጁ ድረስ መጡ። «ስምሽ ከስሜ ጎን ይግባ» አሏት።

«ስሙ ይቆየን፣ መምህር» አለች መዶሻ። «ከአክስቴ ቤት መንገድ ማዶ ያለውንም ሕንፃ የሠራው ያው ተቋራጭ ነው። ሰው እየኖረበት ነው።»

ቦርሳዋን አንስታ ስትወጣ ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ ትተው ተከተሏት።