በሁሉም ገጽ ላይ የእኔ ስልክ

1.

«ሄሎ፣ እህቴ? የምትፈልጉትን ሰው ያገኘሁት መሰለኝ።»

«ናሁሰናይን? የት?»

«ሞጆ መናኸሪያ፣ አጥሩ ሥር ተኝቷል።»

«ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለ?»

«እኔ እንጃ፣ ተሸፋፍኗል። ቆይ ልግለጠው...»

2.

ተቋረጠ።

3.

መልሼ ደወልኩ። ዝግ ነው። ባትሪ ሳይሞላ በጎ ሥራ የሚጀምርን ሰው እግዜር ይየው!

ናሁሰናይ ታላቅ ወንድሜ ነው። አእምሮውን ታሞ ነበር። ሱቅ ደርሼ ስመለስ ቤት ውስጥ የለም። በየግንቡ የለጠፍነውን ፎቶ ዝናብ አጠበው። እኔ ድረ ገጽ ሠሪ ነኝ፤ ስለዚህ የአፋልጉኝ ድረ ገጽ ከፈትኩለት። ሰው የጠፋባቸው ሌሎችም ሰምተው መጡ። እምቢ የሚል አንጀት አልነበረኝም።

4. አሠራር

አንባቢ ሆይ፣ አንተም ብትሠራው እንዲህ ነው። አንድ ገጽ ሥራ፤ የእኔ የናሁሰናይ ነበር። ገጹን ቴምፕሌት፣ ማለትም ሌሎች ገጾች የሚቀዱበት ናሙና፣ አድርገህ አስቀምጥ፤ እናት ትባላለች። ከእናቲቱ ሌሎች ቴምፕሌቶች አውጣ፦ «ወንዶች»፣ «ሴቶች»፣ «ሕፃናት»። የእያንዳንዱ ሰው ገጽ ከእነዚህ ከልጆቿ ይወጣል።

እናቲቱ ላይ «ይህ ቦታ ክፍት ነው» ያላልከው ሁሉ ይቆለፋል። ልጅም የልጅ ልጅም አይነካውም።

ፎቶውን ከፈትኩ።

ስሙን ከፈትኩ።

የለበሰውን ልብስ ከፈትኩ።

ስልኩን



5. አሠራር (የቀጠለ)

ሶፍትዌሩ ክፍት ቦታ ብቻ ያሳየኛል፤ ያሳየኝን ሞላሁ። በተቆለፈው የስልክ ቦታ ቁጥር ነበረ፣ ዓይኔም ቁጥር አየና አለፈ። ከሞላሁ በኋላ ደግሞ የማየው የወንድሜን ገጽ ብቻ ነበር። እዚያ ስልኩ ልክ ነው።

6.

ልጃቸው ማስተዋል የጠፋችባቸው እትዬ ይርገዱ ዛሬ ቢሮዬ መጡ። የጎረቤት ልጅ ገጿን አሳይቷቸዋል።

እትዬ ይርገዱ፦ ልጄ፣ ይሄ የማን ቁጥር ነው?

እኔ፦ የእኔ።

እትዬ ይርገዱ፦ ስለ ማስተዋል የደወለ ሰው አለ?

እኔ፦ ሴት ልጅ አየሁ ያለ ሰው ነበር። «ተሳስተሃል፣ የእኛ ወንድ ነው» ብዬ ዘጋሁበት።

እትዬ ይርገዱ፦ እኔ እኮ ስልኬን ጡቴ ሥር ሸጉጬ ነው የምውለው።

አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

7. አሠራር

እናቲቱን ክፈት። የስልኩን ቦታ ክፍት አድርግ። ልጆቿንም እንዲሁ። በየገጹ የየቤተሰቡን ቁጥር አስገባ። ሶፍትዌሩ በመጨረሻ ይጠይቅሃል፦

የታረሙት ገጾች ይላኩ?

አዎ      አይ

8.

ምን ያስጠብቅሻል ትለኝ ይሆናል። ፈራሁ። እስከ አሁን የጠራ ስልክ ሁሉ ናሁሰናይ ነበር። ሞጆም ናሁሰናይ ነበር። «አዎ» ካልኩ በኋላ ወደ እኔ የሚደውለው የእሱን ገጽ ያየ ሰው ብቻ ነው። ማንም ካልደወለስ? ያ ሁሉ ጥሪ የሌላ ሰው ወንድም፣ የሌላ ሰው ልጅ ከነበረስ? ወንድሜን ያየ አንድም ሰው ከሌለስ?

እትዬ ይርገዱ አጠገቤ ቆመዋል።

«ጫኚው እንጂ ልጄ። የእኔዋም የሰው ልጅ ናት።»

9.

አዎ።

10.

ስልካቸውን ከጉያቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ከእኔው ጎን አስቀመጡት። እሳቸው ከንፈራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል። እኔ መጸለይ እንኳን አልቻልኩም፤ ለእኔ ይጥራ ማለት ለእሳቸው አይጥራ ማለት መሰለኝ።

ከሁለቱ አንዱ ጠራ።

11.

«ሄሎ? አዎ፣ ____________ ነኝ።»