ልቅ የተዘረጋው ገመድ

ሥራ አስኪያጁ የዋይፋይ ሳጥኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ፣ «እስከ ምሳ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ካልሠራ፣ ነገ ባለሙያዎች መጥተው የድሮውን ገመድ በሙሉ ይነቅሉታል። ድሮም ልቅ ሥራ ነው» አለኝ።

ያንን ልቅ ሥራ የሠራነው ጋሼና እኔ ነን። ጋሼ የመሥሪያ ቤታችን ኤሌክትሪሺያን ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመት ሆናቸው። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ሆኜ ሙያውን የለመድኩት መሰላል ይዤላቸው፣ የሚሉትን እየሰማሁ ነው።

አንዱ ገመድ ወደ አዳራሹ እንደሚሄድ አውቃለሁ። ነገር ግን የኢንተርኔት ማከፋፈያው ያለበት ክፍል ውስጥ ጫፋቸው የተቆረጠ አምስት ገመዶች ተንጠልጥለዋል፤ የትኛው የት እንደሚሄድ የጻፍንበት ወረቀት ረግፏል። እጄ ላይ የቀሩት የገመድ ራሶች፣ ጫፉ ላይ የሚታሰሩት መሰኪያዎች፣ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዱ ለዚህ ጫፍ፣ አንዱ ለዚያ። መሳሳት የለም። ለጋሼ ደወልኩላቸው።

ዓይናቸው ደክሟል፤ ግድግዳውን እየዳሰሱ ገቡ።

«አንተ ልጅ፣ አሁንም እዚሁ ነህ?»

«ሸብቼም ልጅ ይሉኛል እንዴ፣ ጋሼ?»

«አላየሁትማ።»

አምስቱን ገመዶች በጣቶቻቸው መሃል ያዙ። «በል አዳራሽ ሂድ። እንደ ድሮው።»

«በስልክ ብንነጋገርስ?»

«ስልክ ምን ያውቃል።»

ያኔ ሞባይል አልነበረንም፤ ድምፅም ጣሪያ ለጣሪያ አይሻገርም። አንዱ ጫፉን አንዴ ይስባል፤ ወዲያ ያለው የትኛው እንደተነቃነቀ በጣቱ ሰምቶ ሁለቴ ይመልሳል። ሦስቴ ከሆነ፣ «ውረድ፣ ምሳ ደርሷል» ማለት ነው። ለዚህ ሲሉ ጋሼ ገመድ ወጥረው አስረው አያውቁም። «ገመድ እንደ ሰው ነው፤ ሲያጠብቁበት ይታመማል» ይሉ ነበር።

አዳራሹ ጥግ ተንበርክኬ አንዴ ሳብኩ። ምንም የለም። የስንት ዓመት አቧራ ተኝቶበታል፤ የሆነ ቦታ ተይዞ ይሆን? ተንበርክኬማ ነበር፤ በልቤ አጭር ጸሎት አደረስኩ።

ጸሐፊያችን በበሩ ብቅ አለች። «ወንድሜ፣ ዓሣ ነው የምታጠምደው?»

«ዝም ካልሽልኝ ይነክሳል።»

ደግሜ ሳብኩ። ቆየ። ከዚያ መዳፌ ውስጥ፣ ቀስ ብሎ፣ ሁለቴ።

የአዳራሹን ጫፍ ራስ አስሬ ወደ ጋሼ ሄድኩ። አንዱን ገመድ ብቻ ይዘው ይጠብቁኛል። ቀጫጭኖቹን ሽቦዎች በቀለም መለየት ስለማይችሉ፣ እሳቸው በቃላቸው እየነገሩኝ እኔ ደረደርኩ፦ ነጭ በብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ በአረንጓዴ፣ ሰማያዊ… ዓይናቸውን ጨፍነው ሲሉት የሚጸልዩ ይመስላሉ። ስንጨርስ አሜን ልል ምንም አልቀረኝም።

ማከፋፈያው ላይ ሰክቼው፣ ጋሼን እዚያው ትቼ ወደ አዳራሹ ተመለስኩና ሳጥኑን አገናኘሁት። ለየስልኩና ለየኮምፒውተሩ የኔትወርክ አድራሻ ማደሉን አጠፋሁበት፤ ለዚያ ሥራ አሮጌው መሣሪያ አለን፣ ለአንድ ቤት ሁለት አዛዥ አይበጅም። መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ሥራ አስኪያጁ ስልኩን እያየ ገባ፤ «የነገዎቹን ቅሩ እላቸዋለሁ» ብሎ ወጣ።

መሰላል ላይ ወጥቼ ሳጥኑን መደርደሪያው ላይ ሳስቀምጥ፣ ገመዱ እጄ ላይ ሦስቴ ተነቃነቀ።

ወረድኩ።