ከሦስቱ የተሻለው ሬዚስተር

በጥገና ሱቁ የቀጠራት አጎቷ አስቀድሞ ነግሯታል፤ እሷ የጠገነችው አንድ ዕቃ ከተመለሰ ከጥገናው ጠረጴዛ ተነስታ ወደ መቀበያው ባንኮኒ ትሄዳለች። ዲግሪዋን እንደሆነ ከቁብም አልቆጠረው። ዲግሪ አይበይድም ብሎ አርፏል።

ተመልሶ የመጣው የሰፈሩ ክሊኒክ ኢሲጂ ነበር፣ የልብን ምት ወረቀት ላይ የሚስለው ማሽን። ቀጭን መስመር መሳል ሲገባው ወረቀቱን በወፍራም ጭረት ሞልቶታል። ዶክተሯ ራሷ ተሸክማ አመጣችውና በሽተኞች እየጠበቋት መሆኑን ተናግራ እዚያው ቆመች።

አጎቷ ማሽኑን ሳይከፍት ፈረደ። ማሽኑን ከበሽተኛው ገላ ጋር የሚያገናኘው ኬብል አርጅቷል፣ አዲስ ይታዘዝ አለ። መቼ እንደሚደርስ ሲጠየቅ ትከሻውን ነቀነቀ።

ልጅቷ ኬብሉን ነቅላ የሚሰካባቸውን ሁለት መግቢያዎች በአጭር ሽቦ አገናኘችና ሽቦውን በጣቷ ነካች። ከመብራቱ መስመር የሚመጣው ጉምጉምታ በሰው ገላ በኩል ሁለቱም መግቢያ ላይ እኩል ይደርሳል። የማሽኑ ሥራ አንዱን ከሌላው መቀነስ ስለሆነ፣ የጋራው ተጣፍቶ ልዩነቱ፣ ማለትም የልቡ ምት፣ ብቻ ይቀራል። አሁን ልዩነት የለምና መስመሩ ቀጥ ማለት ነበረበት። አላለም። ያንኑ ወፍራም ጭረት እየጎተተ ሄደ።

ኬብሉ ነጻ ወጣ። የማሽኑን ክዳን ፈታች።

ቅነሳውን የሚያስተካክሉት አራት ሬዚስተሮች፣ የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚገድቡ ትንንሽ ዕቃዎች ናቸው፤ አራቱም እኩል መሆን አለባቸው። አንዱ ተቃጥሎ ባለፈው ሳምንት የቀየረችው እሷ ናት፤ ያውም ከመሳቢያው ምርጡን፣ ከተጻፈበት ልክ ፍንክች የማይለውን መርጣ። ሌሎቹን ማን ይለካል ብላ አልፋቸዋለች። ቴስተሩን አንስታ ለካች። ሦስቱ በዕድሜ ብዛት ከተጻፈባቸው ልክ አብረው ትንሽ ወርደዋል። አራተኛውም አብሯቸው ወርዶ ቢሆን ሂሳቡ ባልተዛባ። ያዛባው ትክክለኛው ነው።

ዝም ብትል ኬብሉ ይወቀሳል፣ እሷም ጠረጴዛዋ ላይ ትቀራለች።

«ኬብሉ ጤነኛ ነው» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። አንዱን ስቀይር ሦስቱን አልለካሁም።»

አጎቷ ጉሮሮውን ጠራረገ። ደንበኛ ፊት ዋሾ አደረግሽኝ ማለቱ እንደሆነ ገባት።

«ጋሼ፣ ኬብሉ ተገዝቶም ጭረቱ ያው ቢሆን ምን ልንል ነበር?»

መጀመሪያ ሥሪው አላት።

ከተጣሉ ቦርዶች መሃል እየለካች ስትጥል ቆይታ፣ እንደ ሦስቱ የወረደ አንድ አሮጌ ሬዚስተር አገኘችና በየደችው። ዶክተሯ ገመዶቹን በራሷ እጅና እግር ላይ አሰረች። መስመሩ ጠራ፤ የልቧ ምት ብቻ ብቅ እያለ ተሳለ። ዶክተሯም ለካ እኔም ደህና ነኝ ብላ ማሽኑን ታቅፋ ወጣች።

አጎቷ ወደ ባንኮኒው በአገጩ አመለከታት። ቴስተሩን ይዛ ተነሳች።

«እዚያ ሆነሽ የሚመጣውን ሁሉ ትለኪያለሽ» አላት። «ሳይለካ አንድም ዕቃ ወደ ውስጥ አይገባም።»

«አንተ የምትሠራውም?»

አጎቷ ባንኮኒው ላይ የቀረውን በጭረት የተሞላ የማሽኑን ወረቀት ጨመደደው።

«እኔ የምሠራውም» አለና የባንኮኒውን ወንበር ገፋላት።