ኤሊና እሜቴ

«እሺ!» አለ ሰዓት ሠሪው ፈጠን ብሎ።

ሚስቱ የቼዝ ማሽኑን ቁልፍ ልትጫን የነበረውን ጣቷን አነሳች። ሲቸኩል የሚወጣው «እሺ» «አይደለም፣ ተሳስተሻል» ማለት እንደሆነ ካወቀች ሰነባብታለች።

«ዲ አይደል እንዴ ያልከው?» ብላ ከጠረጴዛው ማዶ ወደተቀመጠው ፋርማሲስት ዞረች።

«ቢ ነው፣ እህት ዓለም። ፈረስ፣ ከቢ አምስት ወደ ዲ ስድስት። ባልሽ በትክክል ሰምቶኛል። ጆሮው እንደ ድሮው ነው።»

«እንግዲህ ሁለታችሁም አብራችሁ አትነሱብኝ» አለችና ቁልፎቹን አንድ በአንድ ተጫነች። ማሽኑ ቀጠን ባለ ድምፅ ጢጥ አለ። በጠባቡ መስኮቱ ላይ ቀይ ነጥቦች መብለጭለጭ ጀመሩ። እያሰበ ነው።

የሰዓት ሠሪው ማሽንና የፋርማሲስቱ ማሽን የባለቤቶቻቸውን ጓደኝነት ያህል ያረጁ ናቸው። ቼዝ ከመጫወት በቀር ምንም አያውቁም፤ ዘፈን አያሰሙም፣ ስልክ አይደውሉም። ኮምፒውተር የቤት ዕቃ ከመሆኑ በፊት የተሠሩ፣ እንደ ወፍራም መጽሐፍ ያሉ ሳጥኖች ናቸው። ሰዓት ሠሪው የራሱን ሊጣል ሲል ከአንድ ደንበኛው እጅ ተቀብሎ፣ የተበጠሰውን ቀጥሎ፣ የዛገውን ፈትጎ ነፍስ የዘራበት ነው። ሲያስብ ስለሚንቀራፈፍና አብዛኛውን ጊዜ ስለሚሸነፍ «ኤሊ» የሚል ስም ወጣለት። የፋርማሲስቱ ግን ጥቁር፣ አብረቅራቂ፣ ስትመልስም እንደ ደወል ወፈር ባለ ድምፅ የምትመልስ ኩሩ ናት። እሷን «እሜቴ» አሏት።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ኤሊና እሜቴ ይገጥማሉ። ሰዎቹ አይጫወቱም። የአንዱን ማሽን ውሳኔ ለሌላው ማቀበል፣ ሰሌዳው ላይ ጠጠሮቹን ማንቀሳቀስ፣ በመሃል ደግሞ መሰዳደብ ነው ሥራቸው። «ተነሺ እንጂ እሜቴ፣ ጫማሽን ይሳሙሽ እንዴ?» ይላል አንዱ። «ኤሊህ ሞቷል መሰለኝ፣ ትንፋሹን አዳምጠው» ይላል ሌላው። የሰዓት ሠሪው ሚስት ድሮ ጓዳ ሆና የደንበኞቿን ልብስ እየሰፋች ሳቃቸውን ትሰማ ነበር። ማሽኖቹን «ጣውንቶቼ» ነበር የምትላቸው። አንድ ቀን ብልጭ ብሎባት፣ «ለምን ራሳችሁ አትጫወቱም? ሁለት ሽማግሌ የሳጥን ተላላኪ ሲሆን አያፍርም?» ብላ ባሏን ጠየቀችው።

«ሰው ያዳላል» አለ ባሏ፣ ያኔ እንደ ልቡ ይናገር በነበረበት ጊዜ። «ሰው ያዝናል፣ ይሉኝታ ይይዘዋል፣ አውቆ ይሸነፋል። እነዚህ ግን ለማንም አይሉም። ያሸነፈው አሸነፈ ነው፣ በቃ። እንደዚህ ያለ ነገር የት ይገኛል?»

ባለፈው ክረምት፣ አንድ ጠዋት፣ ሰዓት ሠሪው ሱቁ ውስጥ የአንድ ደንበኛ ሰዓት ክዳን ከፍቶ እንደያዘ ጠረጴዛው ላይ ተደፋ። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሷል አሏት ሚስቱን፣ ሐኪሞቹ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ ጎኑ በድን ሆኖ፣ ግራ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ከቃል ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ቀርቶለት ወጣ። ውሃ ሲጠማው «እሺ»፣ ሲቆጣ «እሺ»፣ ሌሊት ሲያቃዠውም «እሺ»።

«ዕድሜ ልኩን እሺ ብሎ የማያውቅ ግትር!» አለ ፋርማሲስቱ ሊጠይቀው የመጣ ቀን። «ፈጣሪ ቀልድ ያውቃል።» ሁለቱ ጓደኛሞች ሳቁ። ሰዓት ሠሪው በግማሽ አፉ ሳቀ። ከዚያ ፋርማሲስቱ እጄን ልታጠብ ብሎ ወጣና ቶሎ አልተመለሰም።

የእሑዱ ግጥሚያ እንደገና ሲጀመር፣ የባሏ ግራ እጅ ሁለት ሁለት ቁልፍ ባንድ ላይ እየተጫነ አስቸገረ። ስለዚህ እሷ በርጩማዋን ከጎኑ አስጠግታ እጁ ሆነችለት። ፊደሎቹን ለመደች፤ የጠጠሮቹን ስም ለየች። እናም ተአምር ሆነ፤ ኤሊ ያሸንፍ ጀመር። መጀመሪያ ያሸነፈ ቀን እንደ ልጃገረድ እያጨበጨበች የባሏን ግንባር ሳመች። በሚቀጥለው እሑድ ደገመ። ከዚያም ሠለሰ። እግዚአብሔር የወሰደውን በዚህ እየካሰው ነው ብላ አሰበች። የእሑድ ማታ እንቅልፏ ጣፋጭ ሆነ።

ዛሬም ኤሊ እየመራ ነው። ከመብለጭለጭ አርፎ ጢጥ አለ፤ ውሳኔውን አነበበችና ጠጠሩን አንቀሳቀሰች። ፋርማሲስቱ እሜቴን ጭኑ ላይ አቁሞ፣ ጀርባዋን ለእነሱ ሰጥቶ ቁልፎቿን ተጫነ።

«አሁን ታስባለች» አለ። «ከባድ ቦታ አስገባችኋት።»

እሜቴ ድምፅ የላትም። ድምጿ ተበላሽቷል ብሏቸው ነበር። ያን ዕለት ሰዓት ሠሪው ግራ እጁን ዘርግቶ «እሺ» ሲል፣ ስጠኝና ልሥራት ማለቱ እንደሆነ ሁለቱም ገብቷቸዋል። ፋርማሲስቱ ግን ማሽኗን ወደ ደረቱ ሳብ አድርጎ፣ «ቆይ፣ ሲሻልህ ትሠራታለህ» አለው።

እሷ ለባሏ ውሃ ልታመጣ ተነሳች። በፋርማሲስቱ ጀርባ ስታልፍ ዓይኗ ጭኑ ላይ ወደቆመችው ማሽን ወረደ። በእሜቴ መስኮት ላይ የሚብለጨለጭ ነገር የለም። መልሱ ፊደልና ቁጥር ሆኖ ፍጥጥ ብሎ ቆሟል። ፋርማሲስቱ ግን መልሱን አያይም፤ የግድግዳውን ሰዓት ነው የሚያየው። ከንፈሩን ነክሶ ደቂቃ ያስቆጥራል። እሷ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች። ጥቂት ቆይቶ ሰውየው ጉሮሮውን ጠረገና፣ «አሃ! መለሰች!» አለ።

 ምንም እንዳላየ ሰው ወደ በርጩማዋ ተመልሳ ቁልፎቹን ተጫነች። ኤሊ ማሰብ ሲጀምር፣ «ወንድሜ፣ እስቲ ጓዳ መጥተህ አንድ ጠርሙስ ክፈትልኝ። እምቢ አለኝ» አለችው።

ፋርማሲስቱ እሜቴን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተከተላት። ጓዳውን ከሳሎኑ የሚለየው መጋረጃ ብቻ ነው። በሹክሹክታ ጀመረች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ተው እንጂ! አይቻለሁ። ሳጥኗ መልሳ ጨርሳ አንተ ግድግዳ ታያለህ።»

ፋርማሲስቱ ጠርሙስ ፍለጋ ዞር ዞር አለ፤ ጠርሙስ እንደሌለ ሲገባው እጆቹ የሚገቡበት አጡ።

«ዝቅተኛው ደረጃ ላይ አድርጌያታለሁ» አለ። «ለጀማሪ ሕፃናት የሚሆነው ላይ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ሳትገልጪ ትመልሳለች፤ የምትመልሰውም ዝባዝንኬ ነው። በጩኸቷ እንዳታጋልጠኝ ድምጿን ዘጋሁት።»

«አልተበላሸም?»

«ምንም አልሆነም።»

«እንዴት በእንደዚህ ዓይነት ነገር ታታልለዋለህ? እሱን እያወቅኸው!»

«ስለማውቀው ነዋ!» አለ። «ከሆስፒታል የመጣ ቀን እዚያ ወንበር ላይ አየሁት። እግሩ ተሸነፈ፣ እጁ ተሸነፈ፣ አፉ ተሸነፈ። ደግሞ እኔ፣ በገዛ ማሽኔ፣ ኤሊውን ፊቱ ላይ ልግደልበት? አቃተኝ፣ እህት ዓለም። እጄ እምቢ አለኝ።»

ልትቆጣው ነበር የጠራችው። ነገር ግን ይህን የሚያህል ሽማግሌ የጓዳዋን ግድግዳ ተደግፎ በእጁ ጀርባ ዓይኑን ሲጠርግ ስታይ ሆዷ ባባ። ደግሞም እውነቱን ለመናገር፣ የእሑድ ደስታዋን ልትለቅ አልፈለገችም። ሹክሹክታዋን ረሳችው።

«በል አይዞህ። ደግ ነው ያደረግኸው» አለች። «እሱ ምን ያውቃል ብለህ ነው? አሁን እኮ እንደ ልጅ ነው። ልጅ ደስ ካለው መቼ ከየት መጣ ብሎ ይጠይቃል? አንተም አልነገርከኝ፣ እኔም አልሰማሁ።»

ጢጥ።

ወፈር ያለ፣ እንደ ደወል ያለ ድምፅ ነበር። የኤሊ አይደለም። ከክረምት ወዲህ ሰምተውት አያውቁም። ሁለቱም ደርቀው ቀሩ።

ጢጥ፣ አለች እሜቴ ደግማ። ጢጥ።

መጋረጃውን ገልጣ ስትወጣ ባሏ በወንበሩ ላይ ወደፊት አጋድሏል። እሜቴን በግራ እጁ ጎትቶ ደረቱ ሥር አድርጓታል። በጉተታው የሰሌዳው ጠጠሮች ተገለባብጠው ግማሾቹ ወለሉ ላይ ወድቀዋል። ስንት ጊዜ ከፍቶ ጠግኗታል፤ የእያንዳንዷን ቁልፍ ሥራ ያውቃል። ድምጿን መልሶላታል። የሚንቀጠቀጥ ጣቱ ደግሞ ደረጃ የሚቀየርበትን ቁልፍ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ጊዜ፣ እንደገና ይጫናል። ድሮ ሲገጥሙ የነበሩበት ደረጃ ላይ ሲደርስ አቆመ።

«ሰማኸን?» አለች፤ ጥያቄው ከአፏ እንደወጣ ሞኝነቱ ገባት።

ቀና ብሎ አያት። «እሺ» አለ።

የቁጣውን እሺ ታውቃለች፤ የቀልዱን፣ የጥማቱን፣ የችኮላውን ሁሉ ለይታ ትተረጉማለች። ይኸኛውን ግን ሰምታው አታውቅም። ቀስ ያለና ለስላሳ ነበር።

«እኔ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም» አለች። «ልጅ ያልኩት…»  ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማን ይመልሰዋል?

ፋርማሲስቱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ጠጠሮቹን ይለቅም ጀመር። አንገቱን እንደደፋ፣ «ከመጀመሪያው ታውቅ ነበር፣ አይደል?» ብሎ ጠየቀ። «እያወቅህ ለምን ዝም አልከኝ?»

 ሰዓት ሠሪው ዓይኑን ወደ ሚስቱ አዞረ፤ እዚያው አቆየው።

ያኔ ኤሊ መጀመሪያ ያሸነፈበት እሑድ ትዝ አላት። ስታጨበጭብ፣ ስትስቅ፣ ግንባሩን ስትስም እሱ ሰሌዳውን አይመለከትም ነበር። የሚመለከተው እሷን ነበር። ከሆስፒታሉ ወዲህ ጥርሷ የታየው ያን ቀን ነው። የሰዓት ማርሽ ጥርስ መሰበሩን ክዳኑን ሳይከፍት በጆሮው የሚለይ ሰው፣ የገዛ ጓደኛውን ውሸት ሳይለይ ቀርቶ ነው? ለእሷ ሲል ዋጠው። እሑድ በመጣ ቁጥር እንደ መራራ መድኃኒት ዋጠው። እሷም መልሳ «እንደ ልጅ ነው» አለችው።

ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች።

ሰዓት ሠሪው ከጠጠሮቹ አንድ ነጭ ወታደር አንስቶ፣ እየተንቀጠቀጠ፣ ከመጀመሪያው ረድፍ ፊት አቆመ። ወደቀበት። መልሶ አቆመው። ፋርማሲስቱ ነገሩ ገባውና የቀሩትን ደረደረ። ከዚያ እሜቴን ጠረጴዛው ላይ፣ መስኮቷ ለሦስቱም እንዲታይ አድርጎ አስቀመጣት። አዲስ ግጥሚያ ጀመሩ።

እሜቴ እንደ ድሮዋ ተጫወተች። ረጅም ታስባለች፤ አስባ ጢጥ ስትል አንድ ነገር ከኤሊ ላይ ትወስዳለች። መጀመሪያ ፈረሱን ወሰደች። ቆይታ ግንቡን። ማንም አልተሳደበም፤ ማንም «ትንፋሹን አዳምጠው» አላለም። ፋርማሲስቱ የእሜቴን ውሳኔ ቄስ ፊት እንደቆመ ተናዛዥ ዓይኑን ሰብሮ ይናገራል። ሚስቱ ቁልፎቹን ትጫናለች። የኤሊ ንግሥት በእሜቴ ስትበላ ሚስት የባሏን ፊት ሰርቃ አየች። በግራ ጉንጩ ላይ እንባ ይወርዳል። በቀኙም ይወርዳል፤ በቀኙ ያለውን ግን እሱ አይሰማውም።

ከዚያ መናገር ጀመረ። «እሺ… እሺ እሺ… እሺ» አለ። ረጅም ነበር። ድምፁ ይነሳል፣ ይወርዳል፣ እንደ ሙሉ ንግግር መሃሉ ላይ ያርፋል፣ እንደገና ይቀጥላል። እጁን ወደ ጓደኛው፣ ወደ እሷ፣ ወደ ሰሌዳው አወናጨፈ። ከወደቀ ጀምሮ ያከማቸውን ሁሉ የተናገረ ይመስል ነበር። ጨርሶ ትንፋሹን ሲስብ ሁለቱን ተራ በተራ አያቸው። መልስ ጠበቀ።

ፋርማሲስቱ አፉን ከፈተ። ገብቶኛል ሊል እንደሆነ እሷ አወቀች፤ እሷም ያንኑ ልትል ነበር።

«አልገባኝም፣ ወንድሜ» አለ ፋርማሲስቱ። እንባው ጢሙ ላይ ነበር። «ምንም አልገባኝም።»

ሰዓት ሠሪው ራሱን ነቀነቀ። ወደ ሰሌዳው ተመለሰ።

በቤቱ መስኮት ላይ የነበረው ብርሃን ወደ ጣሪያው ሲሸሽ እሜቴ ለመጨረሻ ጊዜ ጮኸች።

«ግንብ» አለ ፋርማሲስቱ። «ከኤች አንድ ወደ ኤች ስምንት። ማት ነው፤ ንጉሡ ማምለጫ የለውም።»

ይህን ለኤሊ ማቀበል ነው የቀረው። ሚስት ልማድ ሆኖባት እጇን ዘረጋች። ጣቷ ቁልፉን ሊነካ ሲል አቆመች። ኤሊን ብድግ አድርጋ ባሏ ግራ መዳፍ ሥር አስቀመጠችው።

ጣቱ ሁለት ቁልፍ ባንድ ላይ ተጫነ። ኤሊ ስህተት መሆኑን አንባርቆ ተናገረ። ሰዓት ሠሪው የተጫነውን ሰረዘ። እንደገና ሞከረ፤ ጣቱ በኤች አጠገብ አልፎ ጂ ላይ አረፈ። ኤሊ አንባረቀ። ፋርማሲስቱ ሊያግዘው እጁን ሲሰድ፣ «ተወው» አለችው።

«ይመሻል እኮ፣ እህት ዓለም።»

«ይምሽ።»

በርጩማዋን ወደኋላ ሳበች። እጆቿን ግን ስላላመነቻቸው ሁለቱንም ከጭኗ ሥር አስገብታ ተቀመጠችባቸው።