ቀዩ ማኅደር

እኔ ወልደአረጋይ ፊደል አልቆጠርኩም፤ አላፍርበትም። የደብራችንን አሥራ አራት መጻሕፍት የቆዳ ማኅደር ግን አንድ በአንድ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

በአርባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ክረምት የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አፈሰሰ። ካህናቱ መጻሕፍቱን ከየማኅደራቸው አውጥተው አደረቁና ልኩን ሳያዩ እንዳገኙ መልሰው ከተቱ። እንዳገኙ! ማን አማከረኝ?

ጎረቤቴ ለተጊዮርጊስ ባሏ ጣሰው ሲሞት መሬቱን ለእሷ ተናዞ፣ ኑዛዜውም ከጣሪያው ጉድ በፊት በደብሩ መጽሐፍ ተጽፎላት ነበር። የጻፉት የነፍስ አባቱም ሞቱ። ይኸኔ የባሏ ወንድም ገብረአብ «ኑዛዜ አላየሁም፤ መሬቴን ልቀቂ» ብሎ ከሰሳት።

ዳኛው ከአንኮበር መጥተው ከደብሩ ደጃፍ ካለው የጽድ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። መሪጌታ ዘርአ ዳዊት የደብሩን መዝገብ አነበቡ፦ «የጣሰው ኑዛዜ፣ በቀዩ ማኅደር ባለው መጽሐፍ መጨረሻ።» ተከፈተ፤ ባዶ ብራና! መሪጌታ ሌሎቹን ሲያገላብጡ ኑዛዜው ከጥቁሩ ማኅደር ወጣ።

«መዝገቡ ቀይ ነው ያለው!» ብሎ ጮኸ ገብረአብ። «ይሄ ትናንት የተጻፈ የውሸት ነው፣ ጌታዬ!»

ዳኛውም የተስማሙ ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ። ለተጊዮርጊስ መሬት ላይ ዘፍ አለች። እኔ ደሜ ፈላ።

«ቆይ!» ብዬ ተነሣሁ።

«አንተ ቆዳ ፋቂ፣ ምን አገባህ?» አለኝ ገብረአብ።

«ማኅደር በመጽሐፉ ልክ ነው የሚሰፋው። እንዳንተ አፍ ያገኘውን ሁሉ አያስገባም!»

ሰዉ ሳቀ። በቀዩ ማኅደር የነበረውን መጽሐፍ መልሼ ከትቼ ነቀነቅኩት፤ እንደ ሌላ ሰው ጫማ ዋለለ። ኑዛዜ ያለበትን ከተትኩት፤ ጥብቅ! የማኅደሩ ማሰሪያ ጠፍር እንኳ በድሮው ምልክት ላይ ታሰረ።

«አጋጣሚ ነው» አለ ገብረአብ።

«አጋጣሚ? ሁሉንም አምጡልኝ!»

አሥራ አራቱንም በየልካቸው ከተትኳቸው። መሪጌታ መዝገቡን ከላይ ጀምረው ሲያነቡ የተባለው ሁሉ በተባለበት ተገኘ። ዳኛው ቆመው ያዩ ጀመር።

«ገብረአብ» አሉ ድንገት፣ «ያንተስ ርስት በየትኛው ማኅደር ተመዝግቧል?»

«በዳማው፣ ቡናማ በሆነው ማኅደር።»

«እስከ ዛሬ ጠዋት በዳማው የነበረውን አምጡ» አሉ። መሪጌታ ገለጡት፤ የገብረአብ ስም የለበትም። ጽሑፉ የተገኘው እኔ አሁን ወደ ዳማው በመለስኩት መጽሐፍ ውስጥ ነው።

«እንግዲህ ምረጥ» አሉት ዳኛው። «ከተባለበት ውጭ የተገኘ ሁሉ ውሸት ከሆነ ያንተም ርስት ውሸት ነው። የማኅደር ሰፊው ልክ ከታመነ ግን የእሷም እውነት ነው።»

ገብረአብ ላቡን ጠረገ፤ እኔን አየ፤ መሬት አየ።

«ሰፊው... ልክ ነው» አለ።

እሰይ! ለተጊዮርጊስ እልልታዋን ስትለቀው ገደሉ ማዶ ተሰማ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እንደ ሕፃን አለቀስኩ።