ያልተሰማው የባቻ ቃል

ረዲ ነቀምቴ ገበያ አጠገብ ፎቶ ቤት የከፈተው ገና ጎረምሳ ሳለ ነው። ከጉራጌ አገር አብረውት የመጡት ዘመዶቹ ጨርቅና ሳሙና ሲሸጡ፣ እሱ ሰው ወንበር ላይ አስቀምጦ ማንሳቱን መረጠ። የተቀመጠ ሰው በማንሳት የሚያህለው አልነበረም። የሚንቀሳቀስ ሰው ሲሆን ግን እጁ አይታዘዝለትም፤ ሌንሱን አዙሮ እስኪያጠራ ድረስ ሰውየው አልፎ ይሄዳል።

ጎረቤቱ እትዬ ሐረግወይን ይህን ያውቃሉ። የጎጃም ሰው ናቸው፤ የነቀምቴውን ሞረዳን አግብተው፣ ባላቸው ሲሞት በርበሬ እየሸጡ አንድ ልጃቸውን ባቻን አሳደጉ። ባቻ ኳስ ተጫዋች ነበር። አንድ እሁድ ረዲ ሜዳ ወርዶ ባቻን እየሮጠ ሳለ አነሳውና ፎቶውን ለእናቱ ወሰደላቸው። ትክ ብለው አዩት።

«ይኼማ ጭስ ነው፤ ልጄ የታለ?» ብለው ሳቁ። ረዲም አብሮ ሳቀ። ነገሩ ግን ውስጡ ቀረ።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አንድ ዓመተ ምሕረት ባቻ ለብሔራዊ ውትድርና ተመለመለ። የሚሸኝበት ቀን ሲቃረብ እናቱ አዳልጧቸው ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ወጌሻ አስሮላቸው አልጋ ላይ እንዳሉ ረዲን አስጠሩት።

«እኔ እንደምታየኝ ነኝ፤ አንተ ሂድልኝ» አሉት። «ገትረህ እንዳታነሳው። ሲራመድ አንሳልኝ። አረማመዱ የአባቱ ነው።»

ረዲ አጎቱ ከጅዳ ያመጡለት፣ ሳያምነው ሳጥን ውስጥ የተወው አዲስ ካሜራ ነበረው። ሌንሱን ራሱ አዙሮ የሚያጠራ ዓይነት ነው። ያን ዕለት አወጣውና ፊልም ሳያጎርስ ቁልቁለቱ ላይ ቆሞ ጋሪና ብስክሌት ሲከተል ዋለ። መጀመሪያ ላይ ካሜራው አንዴ የያዘው ርቀት ላይ ድርቅ እያለ አስቸገረው። ኋላ ከጎኑ ያለችውን ማዞሪያ ሲለውጣት፣ ጣቱን ማንሻ ቁልፉ ላይ በስሱ እስካሳረፈ ድረስ ሌንሱ ከሚሄደው ነገር ጋር አብሮ መሄድ ጀመረ። በካሜራው መመልከቻ መሀል ላይ ያለችውን ትንሽ አራት ማዕዘን ከሚከተለው ሰው ላይ ካነሳት ግን ካሜራው ኋላ ያለውን አጥር ይይዛል። ሰው በፊቱ ካቋረጠም አላፊውን ይከተላል፤ ያኔ ጣቱን አንስቶ እንደገና መያዝ አለበት። ከሩቅ መጀመር፣ ፊቱን ትቶ ደረቱን መያዝ፣ ከወገብ ቀስ ብሎ መዞር እንደሚሻል ገባው። በነጋታውም ወጥቶ ሲለማመድ ዋለ።

በሽኝቱ ቀን ምልምሎቹ ከቀበሌው አዳራሽ ተሰልፈው ወደ አውቶቡሶቹ ወረዱ። ግራና ቀኙን እናትና እህት ሞልቶታል፤ ግማሹ በኦሮምኛ፣ ግማሹ በአማርኛ ይጣራል። ረዲ ገና ከሩቅ ባቻን ለየው፤ አራት ማዕዘኗን ደረቱ ላይ አሳረፈና መከተል ጀመረ። አንዲት ሴት በመሀል አቋረጠች። ጣቱን አነሳ፣ መልሶ ያዘው። ባቻ እየቀረበ መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ አንገቱን ቀና አድርጎ፣ እየጎላ። ረዲ ያን ጊዜ ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንዳያመልጠው።

አጠገቡ ሲደርስ ባቻ እርምጃውን ገታ አድርጎ ወደ እሱ ዞረ። አፉ ተንቀሳቀሰ። ረዲ አነሳ። ባቻ እንደገና ተናገረ፤ ረዲ እንደገና አነሳ። ከኋላ ያሉት ገፉት፣ አለፈ። ረዲ ከወገቡ እየዞረ ጀርባውንም ተከተለው። ካሜራውን ከዓይኑ ሲያወርድ ፊቱ በደስታ በርቶ ነበር፤ እንደያዘው አውቋል። ቀና ሲል ባቻ አውቶቡሱ ውስጥ ገብቷል፤ ወዲያውም አውቶቡሶቹ ወደ አኖ ከተማ በሚወስደው መንገድ ተንቀሳቀሱ።

ፎቶዎቹን አጥቦ ለእትዬ ሐረግወይን ሰጣቸው። የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቀር ይታያል። አንድ በአንድ አገላብጠው፣ ባቻ አፉን የከፈተበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ጋ ምን እያለህ ነው?»

ረዲ ደነገጠ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላሰበውም። እንዲህ አለኝ ብሎ አንድ ደህና ቃል ቢፈጥርላቸው ማንም አያውቅበትም። ግን እያዩት ነው።

«አልሰማሁትም፣ እትዬ።»

«ሩቅ ነበር?»

«ቅርብ ነበር። ማንሳቱን ብቻ ነበር የማስበው።»

ፎቶውን ደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ባቻ ከሰሜኑ ጦር ግንባር አንድ ጊዜ የሰላምታ መልእክት ላከ፤ ከዚያ በኋላ ምንም። መንግሥቱ ሲወድቅ ወታደሮቹ እየተንጠባጠቡ በእግራቸው ተመለሱ። ረዲ ሱቁን እየዘጋ መናኸሪያ ይወርዳል፤ የባቻን ፎቶ እያሳየ ይጠይቃል። በመጨረሻ ያገኘው ታፋን ነው፤ በሽኝቱ ቀን ሰልፉ ላይ ከባቻ ኋላ የነበረውን ልጅ። ታፋ ባቻ መሞቱን በዓይኑ አይቷል። ረዲ ካለቀሰ በኋላ፣ «ያን ቀን ባቻ ምን ነበር ያለኝ?» ብሎ ጠየቀው።

ታፋ ፎቶውን ተቀብሎ አየው።

«እንጃ፣ ኦቦ ረዲ። እኔም የራሴን እናት እየጠራሁ ነበር» አለው።

መርዶውን ሽማግሌዎች አደረሱ። ረዲ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ብቻውን ሄዶ ከእትዬ ሐረግወይን አጠገብ ተቀመጠ፤ ታፋም እንዳልሰማ ነገራቸው።

«ፎቶ አንሳልኝ አልኩህ፤ አነሳህልኝ» አሉት። «በአንተ ቅር አላለኝም።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ከዚያ ወጥቶ በገበያው መሀል ሲሄድ ሰው አኬም ቡልቴ እያለ ሰላምታ ይሰጠዋል፤ እሱ አይመልስም። ባቻ ያን ቀን በስሙ ጠርቶት ይሆናል፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ ሁለት ጊዜ። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ አቤት ቢለው ኖሮ ምን ነበረበት?